በገዛ እጄ ስፕላይስ ባደረግሁት ገመድ ዛፍ ልውጣ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ አቅራቢያ ነው። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ያልሠራሁት ሥራ የለም፤ አሁን ግን ዛፍ በሚገርዝና በሚቆርጥ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ከመሬት ሆኜ የወደቀውን ቅርንጫፍ እየጎተትሁ ለመፍጫው ማሽን አቀርብ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በገመድ ተንጠልጥዬ፣ ቼንሶው የሚባለውን የሞተር መጋዝ ይዤ ዛፉ ላይ እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ባለትዳርና የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አባት ነኝ።

እንደሚያውቁት በዚህ ሥራ የገመዱን ጫፍ ከወገባችን ቀበቶ ጋር የምናያይዘው በቋጠሮ ነው፤ አለበለዚያም ስፕላይስ በሚባለው ዘዴ፣ የገመዱ ጫፍ ተመልሶ በራሱ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ በሚሠራ፣ ዓይን በሚባል ቀለበት ነው። ድርብ ጉንጉን የሚባለውን፣ ማለትም ውጪውም ውስጡም ለየራሱ የተጎነጎነውን ገመድ እንዴት ስፕላይስ እንደሚያደርጉት ከቪዲዮ ተማርሁ። መሣሪያውን ገዛሁ፣ ቁርጥራጭ ገመድ ሰበሰብሁ፣ ልጃችን ስትተኛ ማታ ማታ በእራት ጠረጴዛው ላይ እየሠራሁ እየፈታሁ ቆየሁ። አያቴ ጎጃም ውስጥ ከቃጫ ገመድ እየገመዱ ገበያ ያወጡ ስለነበር ይሆን አላውቅም፣ እጄ ቶሎ ለመደው። በመጨረሻም ዘወትር በምወጣበት በራሴ ገመድ ጫፍ ላይ ዓይን ሠራሁበትና ወደ ሥራ ይዤው ሄድሁ።

የቡድን መሪያችን ገመዱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ማን ሠራው?» አለኝ። እኔ መሆኔን ስነግረው ሁሉም እየሰሙ «በዚህ አትወጣም» አለኝና የድርጅቱን ገመድ አውጥቶ ሰጠኝ። የዚያን ዕለት ሥራዬን ሠራሁ፤ ነገር ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር የዋልሁት። ሌላው ባልደረባችን እኮ ራሱ በሠራው ዓይን እየወጣ ማንም ምንም አይለውም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን «ይህን ጠረጴዛ ላይ ስትጫወትበት የከረምኸውን ነገር ታጥቀህ ልትሰቀል ነበር?» ብላ አለቀሰች። ዳግመኛ ገመድ እንዳልነካ በልጃችን ስም ማልልኝ አለችኝ። አልማልሁም፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኩርፊያ ነው።

በዚህ ላይ በሌላ ድርጅት የሚሠራ፣ «ጋሼ» እያለ የሚጠራኝ አንድ የአገሬ ልጅ ለእርሱም እንድሠራለት፣ ሱቁ ከሚያስከፍለው ግማሹን እንደሚከፍለኝ ነግሮኛል። እሺም እምቢም አላልሁትም። አሁን ግራ ገብቶኛል። ይህን ሙያ ልተወው? ከቡድን መሪው በላይ ላለው አለቃ አቤት ልበል? ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ በግሌ የምሠራው ሥራ ስላለኝ፣ ዝም ብዬ በራሴ ገመድ ወጥቼ ልሞክረውና ነገሩ ይለይልኝ?

ዛፍ ወጪው፣ ከሲያትል

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ብዙ ጉዳይ አለበት፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ቀን ይሰጣል፣ የቅዳሜው ሐሳብ ግን ቀን አይሰጥምና ከእርሱ ልጀምር። እባክዎ፣ በዚያ ገመድ በግል ሥራዎ ላይ አይውጡ። ይህን የምልዎ ሥራዎ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም፤ እጅዎ የሠራውን አላየሁትም። ባየውም ብዙ አይረዳም፤ ስፕላይስ አንዴ ተስቦ ከተዘጋ በኋላ ዋናው ሥራ በሽፋኑ ሥር ስለሚቀር፣ ደህና መሆኑን ከውጭ ተመልክቶ መፍረድ ለባለሙያም ያስቸግራል። የአንድ ሰው ክብደት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ገመድ ቀላል ጭነት ስለሆነ፣ በጎደለ ልክ የተሠራ ዓይን ሳይቀር ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ገመዱ ሲወጠርና ሲላላ፣ በየቅርንጫፉ ሲታሽ፣ የተቀበረው ጫፍ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ወጥተው በሰላም ቢወርዱ፣ የሚያውቁት ነገር በዚያ ቀን አለመውደቅዎን ብቻ ነው። በግል ሥራ ላይ አደጋ ቢደርስ ወጥቶ የሚያወርድዎ ሌላ ሰው መኖሩንም ከደብዳቤዎ አልተረዳሁም። ነገሩ የሚለይበት ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

በባልደረቦች ፊት «በዚህ አትወጣም» መባል እንደሚያም ይገባኛል። ቅርንጫፍ ከመጎተት ተነሥቶ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ዛፍ አናት ላይ እስከመሥራት ለደረሰ ሰው የተማረውን ነገር በኩራት ይዞ ሲቀርብ እንዲህ መመለስ ቀላል አይደለም። መሪው ወደ ጎን ጠርቶ ቢነግርዎ ይሻል ነበር፤ ይህን ያህል ቅሬታ ተገቢ ነው እላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያን ዕለት የከለከለው እርስዎን ነበር ወይስ ገመዱን? ወዲያው የድርጅቱን ገመድ አውጥቶ እንደሰጠዎት ራስዎ ጽፈዋል። በዛፍ አወጣጥዎ ቢጠራጠር ኖሮ ወደ መሬት ሥራ ይመልስዎ ነበር። ይህን ስታነብቡ ከባለቤትዎ ጋር ብትሆኑ ደስ ይለኛል፤ እርሳቸውም የሰሙት «ባሌ አይችልም ተባለ» የሚለውን ይመስለኛል።

ስለ ባልደረባዎስ ምን ያህል ያውቃሉ? በማን እጅ ተማረ? የመጀመሪያዎቹን ሥራዎቹን ማን ቆርጦ አየለት? ምናልባት መሪው ለዓመታት ሲሠራ አይቶት ይሆናል፤ ምናልባትም አድልዎ ይሆናል። አድልዎ በሥራ ቦታ የሚሆን ነገር ስለሆነ አልክድዎትም። ሆኖም ሳይጠይቁ መፍረዱ ለእርስዎም አይጠቅምም። ከመሪው ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻችሁ ሳትነጋገሩ ወደ በላይ አለቃ ቢሄዱ፣ ጉዳዩ የገመድ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ሰዎች ጠብ ይሆናል። በዚህ ጠብ የሚጎዳው ደግሞ መሬት ላይ ቆሞ የእርስዎን ገመድ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ያለዎት ግንኙነት ነው።

በዚያ ንግግር ላይ እንዲረዳዎ ደንቡ ምን እንደሚል ላስታውስዎ። በአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደኅንነት የሚመራበት ዜድ133 የሚባለው ስታንዳርድ ሠራተኛ ገመዱን ራሱ ስፕላይስ እንዳያደርግ አይከለክልም። የሚጠይቀው ሥራው የገመዱ አምራች ባወጣው መመሪያ መሠረት እንዲሆን ነው። እንግዲህ መሪዎ «ማን ሠራው?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው መመሪያ ሠራኸው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለት ነበር? መልስዎ «ከቪዲዮ» ከሆነ፣ ቪዲዮው ላይ የታየው ገመድና የእርስዎ ገመድ አንድ መሆናቸውን አረጋግጠዋል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱን በጥቂቱ ልዘርዝረው።

በደብዳቤዎ የገለጹት ድርብ ጉንጉን ገመድ ጭነቱን ውጪውና ውስጡ ተካፍለው የሚሸከሙት ነው። ስፕላይሱም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ውጪው ወደ ውስጠኛው፣ ውስጠኛው ደግሞ ወደ ውጪው ይገባና በመጨረሻ ሁለቱም በዋናው ገመድ ሽፋን ሥር ይቀበራሉ። ዛፍ ሠራተኞች የሚወጡባቸው ገመዶች ግን ሁሉም እንዲህ የተሠሩ አይደሉም። ባለ 16 ፈትል የሚባሉት ብዙዎቹ ጭነታቸው በአብዛኛው በውጪው ላይ ነው፤ የውስጡ ገመዱ ክብ ሆኖ እንዲቆም የሚያግዝ ሙላት ነው፤ የእነርሱ ስፕላይስ ሌላ ነው። ባለ 24 ፈትሎቹ ቀጫጭንና ጥብቅ ስለሆኑ ለልምድ ያለው እጅም ፈታኝ ናቸው። በእጅ ስፕላይስ ጨርሶ የማይደረጉ፣ በፋብሪካ ስፌት ብቻ ዓይን የሚበጅላቸውም አሉ። ስለዚህ የገመድዎን ሙሉ ስም፣ ውፍረትና አሠራር ከገዙበት ወረቀት ላይ ይፈልጉ። ወረቀቱ ከጠፋ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ገመድ ስፕላይስ አይደረግም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ «ዘወትር በምወጣበት» ያሉት ቃል ነው። አገልግሎት ላይ የዋለ ገመድ እንደ አዲሱ አይታዘዝም። አቧራውና የዛፉ ሙጫ በፈትሎቹ መካከል ይገባል፣ ሽፋኑ ይጠብቃል፣ ውስጡና ውጪው ይጣበቃሉ፤ ከዚህም የተነሣ ሽፋኑን ስቦ ወደ ቦታው መመለስ እጅግ ይከብዳል። ለዚህ ነው አምራቾች ለአዲስ ገመድ አንድ፣ ለአገለገለ ገመድ ደግሞ ሌላ መመሪያ የሚያወጡት፤ ያገለገለውን በቅድሚያ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍንም ይመክራሉ። ጠረጴዛው ላይ የተለማመዱበት ቁርጥራጭ አዲስ፣ ዓይኑን የሠሩበት ገመድ ግን አሮጌ ከነበረ፣ የተለማመዱት ሥራና የሠሩት ሥራ ሁለት የተለያዩ ናቸው።

ልኩን በተመለከተ ራስዎን ይፈትሹ። በሰፊው በሚሠራበት ዘዴ ሁሉም ነገር የሚለካው ገመድን በገመድ ውስጥ በሚያሳልፈው፣ ፊድ በሚባለው መሣሪያ ርዝመት ነው፤ የአንድ ፊድ ርዝመት የገመዱን ውፍረት 21 ወይም 22 እጥፍ ያህል ነው። ግማሽ ኢንች ለሆነ ገመድ 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ውስጠኛው ጉንጉን ከሚወጣበት ነጥብ አምስት ፊድ ያህል ርቆ የመያዣ ቋጠሮ ይታሰራል። ብዙ ጀማሪ ይህን ይንቅና ቋጠሮውን አቅርቦ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ ለመቅበር የሚበቃ ሽፋን ያጣና ግማሹን ዓይን ውጪ አስቀርቶ በመዶሻ ሲታገል ያመሻል። የውጪው ጫፍ ደግሞ ከመቀበሩ በፊት መሾል አለበት፤ ከተወሰነው ምልክት ጀምሮ በየአምስተኛው ፈትል ከግራም ከቀኝም እየተቆጠረ ይመለመላል። ይህ ካልተደረገ ገመዱ ውስጥ ድንገት የሚያበቃ ውፍረት ይፈጠራል፤ ጭነቱም በዚያ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ውጪና ውስጥ የተላለፉበት መገናኛ ሙሉ በሙሉ ሽፋኑ ሥር መግባት አለበት። መጨረሻ ላይ የሚሰፋው መቆለፊያ ስፌት ደግሞ ለጌጥ የሚደረግ አይደለም፤ ገመዱ ጭነት በሌለበት ጊዜ እየተንገላታ እንዳይከፈት የሚጠብቀው እርሱ ነው። እነዚህን ሁሉ አድርገው ይሆናል። መሪዎ በመዳሰስ ሊያውቅ የሚችለው ግን መገናኛው መቀበሩንና ስፌቱ መኖሩን ያህል ነው፤ የመለመሉትን ፈትልና ያሰፈሩትን ምልክት ማየት አይችልም። እምቢ ያለው እጁ ሊደርስበት ለማይችለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እምቢ እል ነበር።

እዚህ ላይ ምናልባት ቅር የሚያሰኝዎት ነገር ልናገር። ዛፍ ለመውጣት ስፕላይስ የግድ አያስፈልግዎትም። ስታንዳርዱ መውጫ ገመድ አዲስ ሳለ ቢያንስ 5,400 ፓውንድ፣ ማለትም 2,450 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ይጠይቃል። ቋጠሮ ከገመዱ አቅም ይቀንሳል፤ ከፍ አድርገን ግማሹን ይበላል ብንል እንኳ ከ1,200 ኪሎ በላይ ይቀራል። እርስዎ ከነቼንሶውዎ መቶ ኪሎ ቢሆኑ፣ ገመዱም በቅርንጫፍ ላይ ዞሮ በሁለት እግሩ የሚይዝዎት ከሆነ፣ እያንዳንዱ እግር የሚሸከመው የክብደትዎን ግማሽ ያህል ነው። ገመዱን ሳያላሉ እስከሠሩ ድረስ በትክክል የታሰረ አንከር ሂች ወይም ድርብ ፊሸርማን ዙር የሚባል ቋጠሮ ከበቂ በላይ ነው። በደንብ የተሠራ ስፕላይስ የገመዱን አቅም ከቋጠሮ ይልቅ እንደሚጠብቅ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛፍ ሠራተኛ ስፕላይስን የሚወደው በዋናነት ስለማይወፍር፣ በቀለበትና በቅርንጫፍ መካከል በቀላሉ ስለሚያልፍና ፊት ለፊት ስለማይደናቀፍ ነው። ቋጠሮ ደግሞ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከመውጣትዎ በፊት በየቀኑ ጠዋት እያንዳንዱን ዙር በዓይንዎ አይተው፣ ካልወደዱት ፈትተው ያስሩታል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አንድ ነገር ለማለት ነው፤ ጊዜ አለዎት። ዓይኑ ዛሬ ባይሠራ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቢሠራ፣ ከሥራዎ የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ሙያውን መማርን በዚያ ሙያ ከመንጠልጠል ይለዩት፤ የተጣበቁብዎት እነዚህ ሁለቱ ይመስሉኛል።

ባለቤትዎም የሚያለቅሱት ሁለቱ ተጣብቀው ስለታያቸው ነው። ዜድ133 ራሱ እንዴት እንደተወለደ እርስዎ ቢያውቁ ምናልባት የባለቤትዎን ፍርሃት በሌላ ዓይን ያዩት ይሆናል። በ1968 በኒውዮርክ ግዛት የምትኖር አንዲት እናት ልጇ በዛፍ ሥራ ላይ ሞተባትና ለዚህ ሥራ የደኅንነት ደንብ እንዲወጣ መወትወት ጀመረች፤ የመጀመሪያው ስታንዳርድ የጸደቀው በ1972 ነበር። መሪዎም ሆኑ እርስዎ ዛሬ የምትመሩበት ደንብ ቤት ውስጥ ከቀረ ሰው ሐዘን የመጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የባለቤትዎን ልቅሶ «ሥራዬን አታውቅም» ብለው አይለፉት።

ይሁን እንጂ በልጅ ስም መማሉን እኔም አልደግፈውም። መሐላ ሰውን ወይ ያስዋሻል፣ ወይ ያሳቅቃል። በመሐላው ፋንታ ሊጨበጥ የሚችል ቃል ይስጧቸው፤ ለምሳሌ «በእጄ የሠራሁት ዓይን ሌላ ባለሙያ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ቆሞ ሳያየው፣ መሪዬም ሳይፈቅድ፣ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ በግል ሥራዬም ቢሆን» ይበሏቸው። ይህ ሊጠበቅ የሚችል፣ መጠበቁም የሚታወቅ ቃል ነው። አንድ ነገር ደግሞ በእርጋታ ልጠይቅ፤ ቅሬታቸው ስለ ገመዱ ብቻ ነውን? ልጅ ከተኛች በኋላ ያለችው ሰዓት ለባልና ለሚስት የቀረች ብቸኛ ሰዓት ትሆናለች፤ እርስዎ ደግሞ ያችን ሰዓት በእራት ጠረጴዛው ላይ ለፊዱና ለገመዱ ሰጥተዋት ከርመዋል። «ስትጫወትበት የከረምኸው» ያሉት ንግግር ውስጥ እኔ የሰማሁት ይህንንም ነው። ከሳምንቱ አንድ ማታን ለገመዱ ለይተው፣ ጠረጴዛውንም ትተው ጋራዥ ውስጥ ወይም ሌላ ጥግ ቢሠሩ፣ የቀሩትን ማታዎች መልሰው ለቤትዎ ቢሰጡ ምን ይመስልዎታል? ይህን ካልሁ አይቀር፣ ኩርፊያውን ለመፍታት ቀድሞ መናገር ያለበት እርስዎ ይመስሉኛል።

ስለ ወጣቱ የአገርዎ ልጅ ብዙ አላመነታም፤ አይሥሩለት። በራስዎ ገመድ ላይ ቢሳሳቱ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ የእርሱ ገመድ ግን ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ምን ያህል እንደተጫነበት፣ ምን እንደነካው፣ መቼ መጣል እንዳለበት አያውቁም። ገንዘብ ከተቀበሉበት ደግሞ ነገሩ ውለታ መሆኑ ቀርቶ ሽያጭ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስ የእርሱ ድርጅት፣ የእርስዎ ድርጅትና ኢንሹራንሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ከባድ ነው። ልጁን ግን ባዶ እጁን አይመልሱት። «ወንድሜ፣ እኔም ገና ተማሪ ነኝ፤ ለሰው ነፍስ የሚሆን ሥራ የምሠራበት ደረጃ ላይ አልደረስሁም። ዓይኑ በፋብሪካ የተሠራለትን ገመድ አብረን እንምረጥ፣ ቋጠሮውንም አሳይሃለሁ» ይበሉት። «ጋሼ» ብሎ ለሚጠራ ልጅ ይህ መልስ ከርካሽ ስፕላይስ የበለጠ ይጠቅመዋል። ዝምታዎ ግን እሺታ ሊመስለው ስለሚችል፣ ይህን ሳምንት ሳያልፍ ቢነግሩት እወዳለሁ።

ወደ መሪዎ ሲሄዱ ጊዜውን ይምረጡ፤ ጠዋት መኪና ሲጫን ሳይሆን ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ሌሎቹ በሌሉበት ይሁን። ስለ ተሰማዎት ሐፍረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ ለምሳሌ «በሌሎች ፊት መባሉ ከብዶኝ ነበር፣ ውሳኔውን ግን ተቀብያለሁ» ቢሉት ይበቃል። ከዚያ ወደ ጥያቄዎ ይሂዱ፦ «ይህን ሙያ በትክክል መማር እፈልጋለሁ። ምን ባሳይህ ትፈቅድልኛለህ? ያ ባልደረባችን ሲሠራ ቆሜ እንዳይ ትጠይቅልኛለህ?» እንዲህ ሲጠየቅ እምቢ የሚል አለቃ ካጋጠመዎት፣ ያን ጊዜ አድልዎ አለ ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም፤ ወደ በላይ አለቃ ለመሄድም ያን ጊዜ በቂ ምክንያት ይኖርዎታል።

ለትምህርቱ ያሉበት ቦታ መልካም ነው። ሲያትል የዓሣ አጥማጅ መርከቦች ከተማ ናት፤ በባላርድ በኩል ባለው ወደብ ድርብ ጉንጉን ገመድን ስፕላይስ ማድረግ የዕለት ተዕለት ሙያ ነው። ሳምሰን የሚባለው የገመድ አምራችም ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያው በዋሽንግተን ግዛት፣ በፈርንዴል ከተማ ነው፤ የስፕላይስ መመሪያዎቹን ከነሥዕላቸው በነፃ ያሠራጫል። ከእንግዲህ አዲስና ስሙ የታወቀ ግማሽ ኢንች ድርብ ጉንጉን ገመድ ገዝተው፣ የዚያኑ ገመድ መመሪያ አትመው፣ ቪዲዮውን ዘግተው ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ሥራ በደብተር ላይ ቀኑን፣ የገመዱን ስም፣ የለኩትን ልክና የመለመሉትን ፈትል ይጻፉ። ከጨረሱ በኋላም አንዳንዱን ይቁረጡት፤ በርዝመቱ ከፍተው ማሾሉ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ ያያሉ። ሌሎቹን የክሬንና የመርከብ ማንሻ ገመድ ወደሚሠራ ሱቅ ወስደው በመጎተቻ ማሽን እስኪበጠሱ እንዲጎተቱልዎ ይጠይቁ፤ በየስንት ፓውንድ፣ ከየት በኩል እንደተበጠሱም ያስጽፉ። የተጎተተ ናሙና ወደ ሥራ አይመለስም። ቅዳሜን የሚተካው፣ ነገሩን የሚለየው መንገድ ይህ ነው፤ መሪዎ ፊት ደብተርና የመጎተቻ ውጤት ይዞ የሚቀርብ ሰው «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ ዓይነት መልስ አለው። እስከዚያ ድረስ እጅዎ የሠራው ዓይን ሥራ ላይ መዋሉን ማየት ከፈለጉ፣ ከመሬት ወደ ዛፍ የእጅ መጋዝና ውኃ ለመሳቢያ በምትጠቀሙበት ገመድ ላይ፣ ከሥሩ ሰው በማይቆምበት ቦታ፣ በመሪው ፈቃድ ይጀምሩ።

የቀረው አሁን እጅዎ ላይ ያለው ገመድ ነው። ዓይኑን እንዳለ አድርገው መኪና ውስጥ አያስቀምጡት፤ አንድ ቀን ቸኩለው ወይም ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊታጠቀው ይችላል። ዓይኑን፣ የተቀበረውን ክፍል በሙሉና ሽፋኑ የተሳበበትን ተከታይ ርዝመት ጨምረው፣ የመያዣ ቋጠሮው ታስሮበት ከነበረው ቦታ አልፈው ይቁረጡት። ቁራጩን ለመሪዎ ይውሰዱለትና አብራችሁ ክፈቱት፤ ንግግሩን ለመጀመርም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኙም። የቀረውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ፤ ሽፋኑ የሚንሸራተትበት ወይም የሚሳሳበት ቦታ ካለ ከመውጫ ገመድነት ያሰናብቱት። ደህና ከሆነም ጫፉን አቅልጠው ይዝጉ፣ በቋጠሮ ይውጡበት፤ አሁን ከቀድሞው አጭር መሆኑን አይርሱ፣ ርዝመቱን እንደገና ለክተው በገመዱ ላይ ይጻፉ፣ በሚወርዱበት ጊዜ ከጫፉ እንዳያልፉም ከታች በኩል የማቆሚያ ቋጠሮ ይሠሩበት።